ያልታሰረው ክራቫት

ጠዋት ክራቫቱን በእጁ አንጠልጥሎ እናቱ ክፍል ሲገባ፣ እናቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተሰበረ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ አንገቱን ሰጣት። ይህ ሰው አርባን ከተሻገረ ሰንብቷል፤ ጎማ ይቀይራል፣ ሞተር ይፈታል፣ ቦይ ውስጥ የገባ መኪና ያወጣል፤ ክራቫት ማሰር ግን አይችልም። ተምሮት አያውቅም፤ እናቱ ታስርለታለቻ። አባትየው በሕይወት ሳለ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስለነበር እናቲቱ በየጠዋቱ የባሏን ክራቫት ስታስር ኖራ፣ ባሏ ሲሞት እጇ ሥራ እንዳይፈታ ይመስል ወደ ልጇ አዞረችው። ለምረቃው አስራለታለች፣ ለሠርጉ አስራለታለች፣ ለመጀመሪያው የሥራ ቀኑ አስራለታለች። ዛሬ ግን ክራቫቱን ተቀበለችው፣ በጣቶቿ ዳበሰችው፣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና "እጄ ደክሟል" አለች። እጇ እንዳልደከመ እሱም ያውቃል፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚያው እጇ ለጎረቤት ሕፃን ሹራብ ስትሠራ አይቷታል። ጎንበስ እንዳለ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታና "እሺ፣ እማዬ" ብሎ ወጣ። ክራቫቱን መልሺልኝ ለማለት አፍ አላገኘም።

ዛሬ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። ሰው ፍርድ ቤት የሚሄደው ሊረታ ነው፤ እሱ የሚሄደው የረታውን ሊመልስ ነው። የረታው ደግሞ ባዕድ ሰውን አይደለም፣ የገዛ ታላቅ እህቱን ነው። የዚያን ዕለት ችሎት ፊት የቆመው ብቻውን ነበር፤ ተከሳሿ አልቀረበችም፣ ጉዳዩ በሌለችበት ታየ፣ በሌለችበት ተፈረደ፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋበት ከኖረችው የመንገድ ዳር ክፍል ማሽኗን አስጭና ወጣች። ለምን እንዳልቀረበች ከእሱና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያምናል። የዚያን ዕለት እህቱ ሆስፒታል፣ የእናታቸው አልጋ ራስጌ ተቀምጣ ነበር። እዚያ ያስቀመጣት እሱ ነው። የማስታመም ተራው የእሱ ሆኖ ሳለ በጠዋት መጥቶ "እትዬ፣ ዛሬ የተማሪዎች ፈተና አለብኝ፣ አንቺ ዋዪልኝ" አላት፤ እሷም ብርቱካን እየላጠች "ሂድ፣ እኔ አለሁ" አለችው፤ ሄደና ረታት። መጥሪያውንም ቢሆን ቀደም ብላ ግቢው በር ላይ ተቀብላ የፈረመችው የእሱ ሚስት ናት። "ስትመጣ እሰጣታለሁ" ብላ ብፌው ላይ አኖረችው፤ እሱም በየቀኑ ብፌው ላይ እያየው እንዳላየ ሆኖ አለፈው።

መንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው። ተማሪዎቹ በሌለበት "ፍሬኑ" ይሉታል፤ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ከሁለተኛው ፍሬን ላይ የማያነሳ፣ ድመት መንገድ ሳታቋርጥ ገና ስታስብ የሚረግጥ ሰው በመሆኑ። በሌላ ሰው መኪና፣ ለሌላ ሰው ማሠልጠኛ ሲሠራ አርጅቶ፣ አንድ ቀን የራሴን እከፍታለሁ የሚል ሕልም ነበረው። ለዚያ ደግሞ መንገድ ዳር ያለ፣ ሰው የሚገባበት ክፍል ያስፈልጋል። ቤቱን አባትየው በእሱ ስም አዙሮለት ነው የሞተው። እህቱን ፊት ለፊት "ክፍሉን ፈልጌዋለሁ" ቢላት ምናልባት ትሰጠው ነበር፤ ምናልባትም ትቆጣ፣ ታለቅስ፣ ትታረቅ ነበር። ነገር ግን እዚህ ቤት ሰው ፊት ለፊት አይጠያየቅም። አባትየው የታመመው ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ስሙ ሳይጠራ ነው የተቀበረው። የእህትየው ጋብቻ የፈረሰ ዕለት እራት ቀርቦ ቤተሰቡ በሙሉ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ ሲያወራ አመሸ። በዚህ ዓይነት ቤት ለአደገ ሰው እህቱን ከመጠየቅ መክሰስ ቀለለው። የፍርድ ቤት ወረቀት ዓይን ውስጥ አያይም፣ ድምፅም የለው።

ወጥ ቤት ገብቶ ቆሞ ሻይ ጠጣ። ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተናገረች፤ ባለፈው ሳምንት ከነበረበት እንዴት እንደጨመረ፣ ሻጩ እንዴት ዓይኑን በጨው አጥቦ የበሰበሰውን ከሥር እንደጨመረባት። እሱም "እህ" አለ። ሚስቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለባሏ ያሰበች ሴት ናት፤ ያሰበችው ነገር አሁን ከእሷ በላይ እሱን እያሳፈረው በመሆኑ ግን ተቀይማለች። ቢላዋውን ሳታቆም "ቁልፉን ብትሰጣት አይበቃም ነበር? ሰው ፊት ቀርቦ መዋረድ ምን ይባላል?" አለችው።

"በቁልፍ አልገባም ብላለች።"

"ኩራት" አለች ሚስቱ፤ ዓይኗን ሽንኩርቱ አስለቅሷት በክንዷ ጠረገችው። ብርጭቆውን አጥቦ ቦታው መለሰና ወጣ።

ወደ መንገድ አቋራጩ በመንገድ ዳሩ ክፍል በኩል ነው። ክፍሉ ከተለቀቀ ጀምሮ እዚያ ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል። ግድግዳው ላይ መስታወቱ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ነጥቶ ይታያል። በወለሉ ጣውላዎች መካከል የክር ቁርጥራጭ አለ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የሠርግ ልብስ ነጭ፤ ሚስቱ ደጋግማ ጠርጋው አልወጣም። በሩ አጠገብ እህቱ በእርሳስ የጻፈችው የደንበኞች ልክ አለ፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ እጅጌ። ከመሐል እሱ የገዛው አዲስ ጠረጴዛ ላስቲኩ ሳይነሳ ቆሟል፤ የማሠልጠኛው ታፔላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተደግፏል። ክፍሉን እንደተረከበ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ተማሪ ሲጠብቅ የሚገባው ሰው ሁሉ ሱሪ የያዘ ሆነበት። "ሰፊዋ የለችም?" ይሉታል። የለችም። "አመማት እንዴ?" አይ፣ ቦታ ቀይራ ነው። "ምነው፣ ከስንት ዘመን በኋላ?" ይህን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ያነሳና ያስቀምጣል። አንድ ሰውዬ አንድ እጅጌው በስፌት የተያዘ፣ ሌላው ገና ያልተገጠመ ኮት ለብሶ መጥቶ "እኔ እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ልቅር?" አለውና ሳቀ፣ እሱን ግን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ቀን በኋላ በሩን ከውስጥ ቆልፎ መቀመጥ ጀመረ፤ ቆይቶም መቀመጡን ተወው።

ይህ ሁሉ ግን ከእህቱ ሰላምታ ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። እናታቸው ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ እህቱ በየማለዳው በግቢው በር ትገባለች፤ እናቷን ታጥባለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ መድኃኒቷን ትሰጣለች፤ ከዚያ ጓደኛዋ ደረጃ ሥር ወዳስጠለለችላት ማሽኗ ትሄዳለች። ስትገባም ስትወጣም "እንዴት አደርክ፣ ማሙሽ?" ትለዋለች፣ በልጅነት ስሙ፣ በዚያው ድምፅ። ብትሰድበው፣ ብትረግመው፣ በሩ ላይ ቆማ መንደሩን ብትሰበስብበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ስለ ፍርዱ ትንፍሽ አላለችም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የእናታቸውን ልብስ ስታሰጣ ከኋላዋ ቆሞ "እትዬ፣ ክፍሉን ተመለሺበት፣ ቁልፉ ይኸው" አላት። የመጨረሻውን መቆንጠጫ ሰካችና ሳትዞር "በፍርድ የወጣሁበት ቤት በቁልፍ አልገባም። እዚያው ሄደን ከተነሳ እገባለሁ" አለችው። የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው፤ እሱም እሺ አለ።

ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ጠበቃው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ያስረታው ይኸው ጠበቃ ነው፤ የደስ ደስ ያለው፣ ፋይሉን እንደ ማራገቢያ የሚጠቀምበት ሰው። "ወንድሜ፣ ሰው ተሸንፎ ይግባኝ ይላል፤ አሸንፎ ይግባኝ የሚል አንተን አየሁ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረው፤ ሁለታችሁም ተስማምታችኋል፣ የስምምነት አቤቱታው ተፈርሟል፣ ዳኛዋ ታያለች፣ ፍርዱ ይነሳል፣ መዝገቡ ይዘጋል። "ስለ ምክንያቱ አንድም ቃል እንዳትተነፍስ። ስምምነት ይበቃል። አጉል ንጹሕ ልሁን ብለህ ራስህን ጣጣ ውስጥ እንዳትከት።" አሠልጣኙ አንገቱን ነቀነቀ። ምክሩ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ። እሱን የሚያስፈራው ነገር ቢኖር ያቺ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ለምን ቀረች የምትለው። ሌሊቱን በሙሉ ከተጠየቅኩ እናገራለሁ ሲል አድሯል፤ አሁን ባልጠየቁኝ እያለ ይጸልያል።

እህቱ ደረጃውን ቀስ እያለች ወጣች። ለራሷ የሰፋችውን ግራጫ ጃኬት ለብሳለች፤ እጇ ላይ የእናታቸው መድኃኒት የሚገዛበት ከረጢት አለ። ሰላም አለችው፣ ጠበቃውንም በአክብሮት ሰላም አለችው። ከዚያ ዓይኗ አንገቱ ላይ ዐረፈ።

"ክራቫትህስ?"

"እማዬ እጄ ደክሟል አለች።"

እህቱ አንዴ ብቻ በረጅሙ ተነፈሰችና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ክሩ የተፈታ ጠርዙን በጣቷ ታስተካክል ጀመር። እሱም ከጎኗ ተቀመጠ። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር፤ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት መጥታ "ይቅርታ" ብላ ተቀመጠችበት፤ ወንድምና እህት መሆናቸውን ብታውቅ ኖሮ ጠጋ በሉ ትላቸው ነበር።

መዝገባቸው ሲጠራ ችሎቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟታል፤ ከፊቷ የመሐረብ ወረቀት ተከምሯል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ቆሙ። ዳኛዋ አቤቱታውን አንብባ ስትጨርስ ከመነጽሯ በላይ አየቻቸው፤ "የረታው ወገን ራሱ ፍርዱ ይነሳልኝ ሲል ብዙ ጊዜ አናይም። በራስዎ ፈቃድ ነው? ያስገደደዎት የለም?" አለችው። "በፈቃዴ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት" አለ። እህቱንም ጠየቀቻት፤ እሷም ተስማምቻለሁ አለች። ጠበቃው ፋይሉን ማራገብ አቆመ። ሊያልቅ ነው። አሠልጣኙ ትንፋሹን ሊለቅ ሲል ዳኛዋ አነጠሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ወረቀቱን መልሳ ገለጠችና "አንድ ነገር ይጎድላል" አለች። "ፍርዱ የተሰጠው ተከሳሽ በሌሉበት ነው። መጥሪያ ደርሷል ተብሎ ተፈርሟል። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጥቶ ሰው ሳይቀርብ ቀርቶ፣ በኋላ ተስማማን ስለተባለ ብቻ እንደዋዛ አይፋቅም። ያልቀረቡበት ምክንያት ምን ነበር?"

ጥያቄው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ለእህቱ ነው። መልሱ ያለው ግን እሱ ዘንድ ነው። ቀኝ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ረገጠ፣ ያ ሁለተኛው ፍሬን እዚያ ያለ ይመስል። አፉን ከፈተ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያን ቀን እሷ ሆስፒታል ነበረች፣ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን ሲያዘጋጀው ያደረ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላው የወንበር መንቋቋት ሰማ፤ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ማጅራቱን የሚያየው መሰለው። ጠበቃው በጫማው ጫፍ ጫማውን ነካ አደረገው። ምራቁን ዋጠ፣ ዓረፍተ ነገሩም አብሮ ወረደ።

"ቀኑ ተምታቶብኝ ነው" አለች እህቱ።

ዳኛዋ ቀና አለች። "ምን አሉ?"

"ቀኑ ተምታታብኝ። ማሙሽ... ማለቴ ከሳሽ ጥፋት የለበትም። የራሴ ዝንጉነት ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ቆሞ ሰማ። ዳኛዋ ቆጣ ብላ ተናገረቻት፤ ፍርድ ቤት ማለት የሠርግ ጥሪ ነው ወይ፣ ቢመቸኝ እሄዳለሁ ባይመቸኝ እቀራለሁ የሚባልበት፤ በእርስዎ ዝንጉነት መዝገብ ተከፍቶ፣ ፍርድ ተሰጥቶ፣ የአፈጻጸም ሠራተኛ ተልኮ፣ አሁን ደግሞ እንደገና የዚህ ሁሉ ሰው ጊዜ ይባክናል፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን አያውቅም? እህቱ እጇን ከፊቷ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ "ልክ ነዎት፣ ይቅርታ" አለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ ሲያፍን ተሰማ። ያቺ አንዲት ቀጠሮ አሳልፋ የማታውቅ፣ ለሙሽራ ልብሷን ካለችበት ቀን ሳትቀድም ሳትዘገይ የምትሰጥ ሴት በሕዝብ ፊት በዝንጉነት ተወቀሰች። ከዚያ ዳኛዋ ወደ እሱ ዞራ ድምፅዋን አለዘበች። "ከሳሽ ግን ይመሰገናሉ። የረቱትን ለእህትዎ ብለው ሲተዉ ለሌላውም ትምህርት ነው።" እሱም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ "አመሰግናለሁ" አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱ ተሰማው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ያኔ ነበር፤ መሬት ግን አልተሰነጠቀችም፤ ዳኛዋ በስምምነታቸው መሠረት ፍርዱ ተነስቷል፣ መዝገቡ ተዘግቷል ብላ ሌላ መዝገብ አስጠራች።

ውጭ ወጥተው ጠበቃው እጁን ጨብጦት ሄደ። ወንድምና እህት በእግራቸው ቁልቁል ወረዱ። እህቱ የልብስ ዕቃ መሸጫ ጋ ቆማ ዚፕ ጠየቀች፤ ዋጋው ስለጨመረ ተከራከረች፤ ሻጩ እኔም ያመጣሁበት ነው አላት፤ ሁለቱም የሚሉትን ለምደውታል። እሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ መድኃኒት ቤት ገቡ፣ ከዚያ መንገድ ተሻገሩ። ሲሻገሩ እንደ ልጅነታቸው ክርኑን ያዘችው፤ ማዶ ሲደርሱ ለቀቀችው። እዚያች ላይ ነው መቻል ያቃተው።

"እትዬ፣ ለምንድነው እንደዚያ ያልሽው?"

"ታዲያ ምን እንድል ፈለግክ?" አለች። አልተቆጣችም። መልስ የምትጠብቅ ሰው ሆና ቆማ አየችው፤ ዚፖቹን በአንድ እጇ፣ መድኃኒቱን በሌላው እጇ ይዛለች። እሱ ጫማውን ተመለከተ። እውነቱን እንድትል ፈልጎ ነበር? እሷ ብትለው ኖሮ እሱ ከመናገር ይድን ነበር፤ የፈለገው ይህን ነው። እውነቱን እንኳ እሷ እንድትሸከምለት ነው የፈለገው። ይህን ሲያውቅ ጆሮው ጋለ። እህቱ ትንሽ ጠበቀችና "በል ና፣ ማሽኑን የሚጭነው ሰው ይጠብቀናል" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ማሽኑ ከቀትር በኋላ ገባ። ከጫኚው ጋር ሆኖ ራሱ ተሸከመው፤ ጠረጴዛውንና ታፔላውን ወደ ጓሮ አወጣ፤ መስታወቱን በቀድሞው ምስማር ላይ ሰቀለ። ሚስቱ መጥታ በር ላይ ቆመች፣ ሁሉንም አየች፣ ከዚያ መጥረጊያ አምጥታ ጥግ ጥጉን ጠረገች፤ ይህ ከእሷ ብዙ ነው፣ እህትየውም ገብቷት "እግዜር ይስጥልኝ" አለቻት። ከማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ሮጣ መጣች፤ የአንዷ ደንበኛዋ ጭንቅላት በቢጎዲን ተጠቅልሎ በመስኮት ይታያል። እህትየውን አቅፋ ሳመቻት፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ሁለት እጁን ያዘች። "አንተ! ሰምቻለሁ እኮ። ፍርድ ቤት ድረስ ሄደህ የረታኸውን መለስክላት አሉ። ወንድም እንዲህ ነው! የእኔ ወንድም ቢሆን የበር እጀታ እንኳ አይመልስልኝ።" አላፊ አግዳሚው ቆመ፤ ያ ባለ ኮቱ ሰውዬም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "ተባረክ" አለው። አንዲት አሮጊት መረቀችው። እህቱ ጀርባዋን ሰጥታ ማሽኑ ውስጥ ክር ታስገባለች። ክሩ ያለወትሮው እንቢ አላት፤ በከንፈሯ አርጥባ ደግማ ሞከረች። እሱም ምርቃቱን ቆሞ ተቀበለ፤ አንድ ሰው ሲያመሰግንህ ዝም ማለት ውሸት መሆኑን ያወቀው የዚያን ዕለት ነው። ከዚያ እናቴን ልያት ብሎ ወደ ውስጥ ሸሸ።

እናቱ በጠዋቱ ቦታዋ ላይ ነበረች። ክራቫቱ ጭኗ ላይ እንደታጠፈ ነው። ሹራቡን አላነሳችውም። በመስኮቱ የመንገዱ ጫጫታ ይገባል፤ የፀጉር ሠሪዋ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። በርጩማው ጥግ ተቀመጠ። ወዲያው እህቱ መድኃኒቱንና ውሃ ይዛ ገባች፤ እናቷን አስዋጠቻት፣ ትራሷን አስተካከለች።

"ተነሳ?" አለች እናታቸው።

"ተነሳ፣ እማዬ" አለች እህቱ። "ማሽኔንም አስገባሁ።"

"ለምን ቀረሽ አላሉሽም?"

ክፍሉ ውስጥ ያ የቤቱ ዝምታ ገባ፤ የአባታቸው በሽታ ዝምታ፣ የጣሪያው ፍሳሽ ዝምታ። እህቱ ብርጭቆውን በጨርቅ ወለወለች። "ጠየቁኝ። ቀኑ ተምታታብኝ አልኳቸው" አለች፤ ቀጥላም ወደ ጣሪያው ቀና ብላ "ይቺ ጣሪያ ዘንድሮም ልታፈስ ነው መሰለኝ" አለች። አሁንም መንገድ እየከፈተችለት ነው። እሺ፣ ሰው ልኬ አሠራታለሁ ቢል ነገሩ እዚያ ላይ ይቀበራል፤ እራት ይቀርባል፤ ሁሉም ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ያወራል። እግሩ ወለሉን ረግጦ እንደያዘ ታወቀው። ከበርጩማው ተነሳ፣ እግሩ ሌላ የሚረግጠው እንዳያገኝ።

"አልተምታታባትም" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት። "መጥሪያው አልደረሳትም። ብፌ ላይ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ያን ቀን አንቺ ዘንድ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፣ እማዬ። ፈተና የሚባል አልነበረም። እንዳትቀርብ ብዬ ነው። ዛሬም ዳኛዋ ስትጠይቅ ዝም አልኩ፣ እሷ ተሰደበች፣ እኔ ተመሰገንኩ።" ሌላም ሊል ነበር፤ ይቅርታ የሚባል ነገር፤ ግን እናቱ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችው።

"አውቃለሁ" አለች። "እሷም ታውቃለች።"

እህቱን አያት። እህቱ ብርጭቆውን ማየት አልተወችም።

"ያን ቀን ጠዋት ሆስፒታል መጣህ" አለች እናቱ፣ ክራቫቱን በመዳፏ እያለሰለሰች። "ክራቫትህን ከኪስህ አወጣህና እንዲህ ጎንበስ አልክልኝ። ተኝቼ ነበር፤ ትራስ ደግፋ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት፣ እንዳስርልህ። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ለተማሪ ፈተና ክራቫት አስሮ ያውቃል እንዴ አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን አላልኩትም። አሰርኩልህ፣ ኮሌታህን አስተካከልኩልህ፣ ደረትህን መታ አድርጌ ሂድ ልጄ አልኩህ።" ክራቫቱን ጭኗ ላይ አገላበጠችው። "የኋላ ኋላ ስሰማ ገባኝ። ልጄን ከቤቷ ልታስወጣ ስትሄድ አንገትህን አሳምሬ የላክሁህ እኔ ነኝ። አንተ አንድ ጊዜ ታፍራለህ። እኔ እጄን ባየሁ ቁጥር ነው የማፍረው።"

ይህን ረስቶት ነበር። ብፌውን አልረሳም፣ ብርቱካኑን አልረሳም፣ ችሎቱን አልረሳም፤ ክራቫቱን ግን ረስቶት ነበር፤ እናቱ ስታስርለት ትንፋሽ እንደመሳብ ነዋ፣ ማን ያስታውሰዋል። በዚያ ጠዋት ሁለቱንም ሴቶች በየሥራቸው አሠማርቷቸው ነው የሄደው፤ አንዷ እናቱን እንድትጠብቅለት፣ አንዷ የገዛ ልጇን ለሚያስወጣበት ጉዞ እንድታስጌጠው። አልጋው አጠገብ ተንበረከከና ፊቱን አንሶላው ውስጥ ቀበረ። እህቱ "እማዬ፣ ተይ እንግዲህ፣ ይበቃዋል" አለች። እናቱ ጭንቅላቱን አልዳበሰችውም። ክራቫቱን ዘርግታ ሰጠችው።

"እንካ" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ራስህ እሰረው።"

ተቀበላት። ተነስቶ ግድግዳው ላይ ካለችው የአባቱ ትንሽ መስታወት ፊት ቆመ። አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ አዞረ፣ በሥሩ አሳለፈ፣ ሳበ፤ ቋጠሮው ተፈታ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱም ሲያዩት ይታየዋል፤ እናቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች፣ እህቱ ብርጭቆውን ይዛ ቆማለች፤ አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉለትም። ጫፎቹን አስተካክሎ እንደገና ጀመረ።